ለአረቄ ማኅበሩ የጻፍኩት ወረቀት

ለውድ ወንድሜ ለምሥጋናው፤

ለጤናህ እንደምን ሰነበትህ? ማኅሌትስ እንዴት ናት? ልጆቹስ? የሐዋሳው ሙቀት ለመዳችሁ ወይ? እኔ የቅዱስ ላሊበላ አምላክ ይመስገን፣ በሥጋዬ ደኅና ነኝ። ገብሱ አሽቷል፤ ላሚቱም ወልዳለች። የታመመችው ነፍሴ ናት። ከሌላ ሰው ከምትሰማው ከኔ ከራሴ ስማው ብዬ ነው ይህን የምጽፍልህ።

አብሮ አደግህ ወልደ ኪዳን፣ ግንበኛው፣ ዓይኑ ጠፋ። በመስቀል ማግስት አዳም ቤት ሁለት መለኪያ አረቄ ጠጥቶ ገባ፤ ለሰው ሲነጋ ለእሱ ጨለመ። ሐኪሙ ለፋብሪካ የሚሆን አልኮል ተቀላቅሎበታል አለ።

አዳም የአረቄ አውጪዎችና ሻጮች ማኅበራችን ሊቀ መንበር ነው። ማኅበሩን ካቋቋሙት አንዷ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ባለቤቴ ገለቴ እንደነበረች ታውቃለህ። ያኔ ደግ ነገር ነበር። ግብር ሲቆለልባቸው አንድ ላይ ሆነው ይከራከሩ ነበር፤ አንዷ ስትታመም ድፍድፏ እንዳይበላሽ ተራ ገብተው ያወጡላት ነበር። ገለቴ ስታርፍ ስምንተኛ ክፍል የጨረሰ ሌላ የለንም ብለው እኔን ጸሐፊ አደረጉኝ።

ጉዱ ተሰምቶ ወረዳው ማኅበሩን መልስ ሲጠይቅ አዳም ስብሰባ ጠራ። «የማኅበር ሥራ ምንድን ነው? አባልን መሸፈን ነው። ዛሬ የኔ በር ከታሸገ ነገ የናንተ ነው። ጋሽ ታፈረ፣ እጅዎ ያምራል፤ ሰውየው ከአባል ቤት አልጠጣም ብለው ለወረዳው ይጻፉልን» አለ። አንዱ ደግሞ «ጌታም እኮ በቃና ዘገሊላ ጠጪ አላሳፈረም» ብሎ አሳቃቸው። የጌታን ተአምር ለመርዝ ጀሪካን መክደኛ ሲያደርጉት ተነሥቼ መውጣት ነበረብኝ። አልወጣሁም። ጻፍኩ፤ ማኅተሙንም በገዛ እጄ መታሁበት። ለምን? የገለቴ ማኅበር ነው ብዬ ይሆን? ወይስ አንቱ መባሉ ጥሞኝ? ራሴን ስመረምር የማገኘው ሁሉ ያቅለሸልሸኛል።

ባለፈው ቅዳሜ ወልደ ኪዳንን ልጠይቀው ሄድኩ። ወረዳው የማኅበሩን መልስ ግልባጭ ሰጥቶት ኖሯል። «እንኳን መጣህ፤ እስቲ ምን እንዳሉ አንብብልኝ» ብሎ የራሴን ጽሑፍ ዘረጋልኝ። አነበብኩለት። እስከ መጨረሻው ሰማኝና «ታፈረ፣ የሰው እጅ ጽሑፍ ስታነብ ትደናቀፍ ነበር፤ ይኼን እንደ ውዳሴ ማርያም አወረድከው። ያንተ ነው እንዴ?» አለኝ። የኔ ነው አልኩት። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።

ወደ አሸተን ማርያም ወጥቼ ለንስሐ አባቴ ነገርኳቸው። «ስግደቱ ይቆይህ፤ መጀመሪያ ወረቀቱን አቅና» አሉኝ።

ትናንት አዲስ ጽፌ የወልደ ኪዳን ደጅ ላይ ቆሜ አነበብኩለት። ግባ አላለኝም። የፋብሪካው አልኮል ጀሪካን አዳም ቤት ሲራገፍ እኔም ማየቴን ጨምሬበታለሁ፤ ይህን ለአንተም ደብቄህ ነበር። «ጉዳት ደርሶበታል» የሚለው ላይ ስደርስ አስቆመኝና «ታውሯል በል» አለኝ። ሰርዤ ጻፍኩት። ነገ ጧት ለወረዳው እሰጣለሁ። አዳም ከወዲሁ ሰላምታዬን አይመልስም።

ማኅሌትን እጅ ነሥቻለሁ በልልኝ። ልጆቹን ጉንጭና ጉንጫቸውን ሳምልኝ። አማትህንም ጉልበታቸውን ስሜያለሁ። ለወልደ ኪዳን ደውልለት፤ ስለ እኔ አታማልድ፣ እሱን ብቻ እንዴት ነህ በለው።

ወንድምህ ታፈረ
ላሊበላ፣ ጥቅምት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.