የአራክኔ ፖስታ

ማርች 4
ሊዝበን ዛሬም ዝናብ። ካልሲዬን ማሞቂያው ላይ አስጥቼ የጎመን ሾርባ በላሁ። የመመረቂያ ግጥሞቼን ካስገባሁ ዘጠኝ ቀን... መልስ የለም።

ማርች 6
ከዩኒቨርሲቲው ኮሚቴ መልሱ መጣ። «የአራክኔ ክር» የሚለው ግጥሜ ከዶክተር ኤቫሪስቶ አዲስ መጽሐፍ የተሰረቀ ነው አሉ። ከመምህሬ! የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ሳለሁ፣ እንዲያርምልኝ በእጄ የሰጠሁት እኔ! ቀን ያለበት ቅጂ እንኳ አላስቀረሁም። ጅል።
ቢሮው ሄድኩ።
«ልጄ፣ ተማሪ መምህሩን ቢመስል ምን ይደንቃል?»
«ቃል በቃል?»
«አራክኔ ከአምላክ ጋር በሽመና ተፎካክራ ምን እንደሆነች ታውቂያለሽ።»
በግሪኩ ተረት ሸማኔዋ ተቀጥታ ሸረሪት ሆነች። መቼ አጣሁት? ገጣሚ እንደ ሸረሪት ከገዛ ሆዱ ይፈትላል፣ ከአማልክት አይለምንም ብዬ የገጠምኩት እኔ አይደለሁም? እሱ ከማን ሆድ ፈተለ?
እስከ ማርች 20 ማስረጃ ካላመጣሁ ተባረርኩ።

ማርች 9
ኮቪልያ ከተማ፣ እናቴ ቤት። ዕድሜዋን ሙሉ የሱፍ ፋብሪካ ሸማኔ ነበረች። «ማን እንደሸመነው ጠርዙ ይናገራል» አለች። የኔ ግጥም ምን ጠርዝ አለው?
ቆይ... የከተማው የግጥም ውድድር! ኤቫሪስቶን ከማወቄ አራት ወር በፊት ልኬው ነበር። በብዕር ስም። እውነተኛው ስም በታሸገ ፖስታ። ግን የተሸናፊ ፖስታ ሳይከፈት ይቃጠላል፣ ደንብ ነው። እኔ ደግሞ ተሸንፌያለሁ።

ማርች 10
የውድድሩ ማኅበር ጸሐፊ፣ ዶና ዙልሚራ ቤት።
«አቃጥዪ ተብዬ ነበር» አሉ። «የሰው ስም እሳት ውስጥ? እኔ አላደርገውም!»
ከአልጋ ሥር የብስኩት ቆርቆሮ ጎተቱ። «ሸረሪት»፣ የብዕር ስሜ! ግጥሙ አብሮ ተያይዟል፣ የገባበት ቀን ታትሞበታል። ፖስታው እንደታሸገ ነው። ልከፍተው ስል እጄን መቱኝ።
«ተይ! ኮሚቴው ፊት ነው የሚከፈተው።»
«የማኅበሩ ሊቀመንበር ደንብ መጣስዎን ቢሰማስ?»
«ሰባ አንድ ዓመቴ ነው። ይቆጣኛ!»

ማርች 19
ኮሚቴው ፊት ዶና ዙልሚራ ፖስታውን በመቀስ ቀደዱት። ስሜን ጮክ ብለው አነበቡ፦ ብሪትስ ሳራይቫ። ኤቫሪስቶ መነጽሩን ይጠርጋል፣ ይጠርጋል...
«ሴትዮዋ ማን ናቸው?» አለ በመጨረሻ።
«ስም የማታቃጥል» አሉት።

ማርች 22
ግጥሙ የኔ ነው ተባለ። በጽሑፍ። እሱ ከማስተማር ታግዷል። እስከ እኩለ ቀን ተኛሁ፤ ያው የጎመን ሾርባ ምን ቢጨምሩበት ነው እንዲህ የጣፈጠኝ?
ለዘንድሮው ውድድር አዲስ ግጥም አዘጋጀሁ። ቅጂ አስቀርቼ። ለዶና ዙልሚራ ደወልኩ።
«ሊቀመንበሩ ተቆጥቶ ቆርቆሮውን ወሰደብኝ» አሉ።
«ወይኔ! ታዲያ ብሸነፍስ?»
«ላኪው አንቺ። ሰፋ ያለ ገዝቻለሁ።»