በጾም የጠጣሁት ዱቄት

ማክሰኞ፣ መጋቢት 8፤ ጠዋት 1 ሰዓት

እርጎ በብርጭቆ። አንድ ማንኪያ የኮላጅን ዱቄት። ዓይኔን ጨፍኜ ጨለጥኩት። የምትሸጥልኝ ጽጌ ናት፤ እዚህ በስደት ከተማችን፣ ኪሰንዪ ሰፈር፣ ከምሠራበት ምግብ ቤት ጎን ሱቅ አላት። ቆዳ ይወጥራል፣ ዕድሜ ይመልሳል ትላለች። ከከብት ቆዳና አጥንት የሚሠራ ነው። ሁዳዴ ነው። አውቃለሁ። ላንተ ካልነገርኩ ለማን ልንገር፣ ማስታወሻዬ? ባሌ ተስፋዬ አገር ቤት ከብዙ ዓመት እስር ተፈቶ ቅዳሜ እዚህ ይገባል። ሲወስዱት ገና ሙሽራ ነበርኩ። ያችኑ እንዲያገኝ ነው የምፈልገው።

ቅዳሜ፣ መጋቢት 12፤ ማታ

መጣ። ከናይሮቢ አውቶቡስ ሲወርድ አላወቅኩትም። ጸጉሩ ጥጥ መስሏል። የፊት ጥርሶቹ የሉም። እሱ ግን ወዲያው ለየኝ። አቅፎኝ አለቀሰ። ከዚያ ራቅ ብሎ ፊቴን ትኩር ብሎ አየ። ደስ ያለው መስሎኝ ነበር።

የምኖርበት ሰፈር ኪዋቱሌ ስንደርስ አከራዬ በር ላይ ጠበቀችን። እንኳን አባትሽ በሰላም መጡልሽ አለችኝ፣ በእንግሊዝኛ። አላረምኳትም። ለምን አላረምኳትም? ተስፋዬ እንግሊዝኛ ይሰማል።

ሐሙስ፣ መጋቢት 17፤ ከሰዓት በኋላ

ከሥራ ቶሎ ተመለስኩ። ተስፋዬ ወጥ ቤት ቆሞ ዱቄቱን በውሃ ይበጠብጣል። እስር ቤት ኩላሊቱ ተጎድቷል፤ ሐኪሙ ትናንት ነው ፕሮቲን የበዛበት ነገር እንዳትነካ ያለው። ብርጭቆውን ነጠቅኩት። ጮህኩ።

«ራስህን ልትገድል ነው?»

«አባትሽ ከምባል ይሻላል» አለ፣ ቀና ሳይል።

መሬት ተቀመጥኩ። ፊቴን የጠበቅኩት ለእሱ ብዬ ነበር። እሱን ግን አሳፈረው። እነዚያን ዓመታት እሱ ብቻ የኖራቸው፣ እኔን ያልነኩኝ ይመስል።

እሑድ፣ መጋቢት 20፤ ከቅዳሴ መልስ

ለንስሐ አባቴ ጾም መሻሬን ነገርኳቸው። አልተቆጡም። ስግደት አዘዙኝ። ጽጌን፣ ከእንግዲህ አታምጪልኝ አልኳት። ተቀየመች።

ከተስፋዬ ጋር ስንመለስ አከራዬ ልብስ ታሰጣለች። እጁን ያዝኩ። ባሌ ነው አልኳት። ደነገጠች፤ ይቅርታ ጠየቀችው። አፉን በእጁ ሸፍኖ ሳቀ። ከመጣ ወዲህ ሲስቅ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው።

ከምሳ በኋላ አልጋው ጫፍ ላይ አስቀመጠኝ።

«ብቻሽን ምን አሳለፍሽ? ፊትሽ አልነግር አለኝ። አንቺ ንገሪኝ።»

ውሃ ላምጣ ብዬ ወጣሁ። ወጥ ቤት ቆሜ ነው የምጽፈው። ሲወስዱት አርግዤ ነበር። እሱ አያውቅም። ጽንሱ ሲወርድብኝም ብቻዬን ነበርኩ። ለእናቴ እንኳ አልነገርኩም። ዛሬ እነግረዋለሁ። ከዚያው እጀምራለሁ።

እየጠራኝ ነው