በመጽሔታችሁ ላይ ስለ መዳኔ

በሮቦት የፕሮስቴት ቀዶ ሕክምና ለሚሰጠው ሆስፒታል ክቡር ሥራ አስኪያጅ፣

የሆስፒታሉን ስም በአደባባይ ያልጠራሁት ለክብርዎ ሳስቼ ነው። ሰላመ እግዚአብሔር ከነመላው ቤተሰብዎ ይብዛልዎ፤ ጤናዎም በወረቀት ላይ ብቻ ሳይሆን በአካልዎም እንዲሆን ዘወትር እጸልያለሁ።

እኔ መሪጌታ ልመንህ በንፋስ መውጫ አቅራቢያ ዜማ የማስተምር፣ አምና የፕሮስቴት ካንሰር ይዞኝ ወደ እናንተ የመጣሁ ሰው ነኝ። አስቀድሜ ላመስግን፤ ካንሰሩ ወጥቶልኛል፣ በአራተኛውም ቀን በእግሬ ሄጄ ወጥቻለሁ። ምስጋናዬ እስከዚህ ድረስ ከልብ ነው። የቀረውን በተራ ላስረዳ።

፩ኛ. ቀዶ ሐኪሙ «የሮቦቱ እጅ አይንቀጠቀጥም፤ በሦስት ወር እንደ ድሮዎ ይሆናሉ» ብለውኝ ነበር። ሽንቴን መቆጣጠር ሊያቅተኝ እንደሚችል ግን ማንም አልነገረኝም። ይኸው አሥራ አምስት ወር ሞላኝ፤ ሳስል፣ ስነሣ፣ ዜማ ከፍ ሳደርግ ያመልጠኛል። አርባ ዓመት በቆምሁበት ቅኔ ማኅሌት መግባት አፍሬ፣ ከቅጥሩ በር ሆኜ ተማሪዎቼ ሲሳሳቱ እሰማለሁ፤ ለማረም እንኳ ድምፄን ማንሣት አልችልም።

፪ኛ. በስድስተኛው ወር ነርሷ ደውላ ስትጠይቀኝ፣ እያፈርሁ ሁሉን ነገርኋት። «እመዘግበዋለሁ፣ አባባ» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ የደወለልኝ የለም፤ እንዳታስቸግሩኝ ብላችሁ መሆኑን ስለምረዳ አመሰግናለሁ።

፫ኛ. ባለፈው ወር ክንዴ የሚባል የእስቴ ገበሬ፣ እንደ እኔው የታመመ፣ መጽሔታችሁን ይዞ ቤቴ መጣ። ፎቶግራፌ አለበት። ከሥሩ «መሪጌታ ወደ ማኅሌታቸው ተመልሰዋል» ይላል፤ ከመቶው ታካሚ ዘጠና ስምንቱ ሽንታቸውን እንደሚቆጣጠሩም ተጽፏል። «እርስዎ ከዳኑ እኔም እድናለሁ ብዬ ነው የመጣሁ» አለኝ። ለንስሐ አባቴ እንኳ ያልተናገርሁትን ለማላውቀው ሰው ተናገርሁ። መጽሔቱን አጥፎ «ታዲያ ምን ይሻለኛል?» አለ። አትሂድ አላልሁትም፤ ካንሰር ይገድላል። «ሂድ፤ ግን ሳትጠይቅ አትፈርም» አልሁት።

ክቡር ሆይ፣ አልተሳካም ብላችሁ ብትጽፉ ኖሮ ባልከፋኝ ነበር፤ የሰው እጅም የማሽን እጅም ይሳሳታል። እኔን የሰበረኝ እውነቱን ከአፌ ሰምታችሁ ሐሰቱን በፊቴ ማተማችሁ ነው።

ከዘጠና ስምንቱ መካከል ሳይፈቅድ የተቆጠረው፣ አካሉን አምኖ የሰጣችሁ፣

መሪጌታ ልመንህ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ክንዴ በመጪው ማክሰኞ ይመጣላችኋል። ልጁ ብርቄ ጥያቄዎቹን በደብተር ጽፋ አብራው ትመጣለች፤ መልሱንም በጽሑፍ ከነፊርማው ትፈልጋለች። ሮቦቱ መፈረም የማይችል ከሆነ፣ እባክዎ ሰው ይፈልጉላት።