ስለ እድራችን ድንኳንና ስለ ነሐሱ አንበሳ

ሰኔ ፳፯ ቀን ፲፱፻፶፯ ዓ.ም.
አዲስ ከተማ

ይድረስ ለክቡር ኮሎኔል ወልደሚካኤል እንግዳሸት፣
የጦር አካዳሚ ምሩቃን የሃያኛ ዓመት መታሰቢያ በዓል አዘጋጅ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ የአንበሳው መዋጮ ዘመቻ ዋና አስተባባሪ፣ ጊዜ ሲተርፋቸውም የእድራችን አባል

ክቡር ሆይ፣

ክረምቱ እንዴት ይዞዎታል? እኛ ከላይ ከመርጠባችን፣ ከታችም ጭቃ ከመርገጣችን በቀር ለክፉ የሚሰጥ ነገር አልገጠመንም። የክቡርነትዎ ጤና ግን ከሁላችንም እንደሚሻል እርግጠኞች ነን፤ ያሉት በደረቅ ቦታ፣ በእኛው ድንኳን ሥር ነውና። ቤተ ሰብዎን፣ የኮርስ ጓደኞችዎን፣ እንዲሁም የግቢዎን ዘበኛና የዘበኛውን ውሻ እጅ እንነሳለን። ድንኳናችንን ልንጠይቅ በመጣን ቁጥር እስከ በር ወጥተው የተቀበሉን ሁለቱ ብቻ ስለሆኑ፣ በሰላምታ ብናስባቸው ቅር እንደማይሰኙ እናምናለን።

ይህን የምጽፍልዎ የእድሩ ጸሐፊ ወርቁ ገብረየስ ነኝ፤ ተክለ ሃይማኖት ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊት ደብተርና እርሳስ የምሸጠው። ደብዳቤውን ግልጽ ማድረጌ ድፍረት ሆኖ እንዳይታይብኝ እለምናለሁ። ከዚህ በፊት በፖስታ አሽጌ የላክኋቸው ሁሉ ከበርዎ አላለፉም፤ ዘበኛዎ ወረቀቱን ውሻው በላው ብሏል። ውሻው ፖስታ የለመደ ከሆነ ያልታሸገውን ምናልባት ይንቀው ይሆናል ብዬ ነው።

አንደኛ፣ ስለ እሁድ።

በግንቦት መግቢያ ክቡርነትዎ እህል በረንዳ ድረስ መጥተው፣ በእድራችን ዳኛ በጋሼ ቡርሃን መጋዘን በጤፍ ኬሻ ላይ ተቀምጠው፣ የኮርስ ጓደኞችዎ ከየጠቅላይ ግዛቱ ስለሚሰበሰቡ የእድሩን ድንኳን ለአንድ እሁድ ብቻ እንድናውስዎ ጠየቁ። ጋሼ ቡርሃንም ኮሎኔል በኬሻ ላይ ተቀምጦ ሲለምን እምቢ ማለት ነውር ነው ብለው ፈቀዱ። እኛ የመርካቶ ሰዎች ባለመማራችን እሁድ የምትባለው ቀን ማታ ላይ የምታልቅ ይመስለን ነበር። ለካ የጦር ሰው እሁድ ሌላ ናት፤ የክብር እንግዳ የሚሆኑት ጄኔራል ቀን እስኪቆርጡ ድረስ አትመሽም። ጄኔራሉ መጀመሪያ ጉብኝት ላይ ነበሩ፣ ቀጥሎ ጥርሳቸውን ታመሙ፣ አሁን ደግሞ ጥርሳቸው ድኖ ጉብኝት ላይ ናቸው። እስከዚያው ድንኳኑ ቢመለስስ ብለን ስንጠይቅ፣ ወንበሮቹ እንደ ማዕረግ ተደርድረው ስላለቁ ከተነካኩ ሻምበል ከሻለቃ ፊት ሊቀመጥ ይችላል የሚል መልስ በሾፌርዎ በኩል ደረሰን። ለማብራሪያው ከልብ እናመሰግናለን። አገር በምን በምን እንደሚጠፋ አናውቅም ነበር።

ሁለተኛ፣ ስለ ጥሩምባው።

ክቡርነትዎ እዚሁ ሰፈር ስላደጉ እንደሚያውቁት፣ እኛ ዘንድ በማለዳ ጥሩምባ የሚነፋው የእድሩ ጥሩምባ ነፊ ነው፤ የሚነፋውም ሰው ሲሞት ነው። ጥሩምባ የሚያስነፋ ሌላ ጉዳይ የለንም። እርስዎ ለበዓሉ ልምምድ ያስመጡት ወታደር ግን አንድ ቀን ሊነጋጋ ሲል ከግቢዎ ውስጥ፣ ከእድሩ ድንኳን ደጃፍ ላይ ቆሞ፣ አካዳሚው ተማሪዎቹን የሚቀሰቅስበትን ጥሩምባ ነፋ። ሰፈሩ ምን ይበል? ድንኳኑ ተተክሏል፣ ጥሩምባው ተነፍቷል፤ የቀረው ማልቀስ ብቻ ነው። ሸማ ተራ ከነሴቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ ደረሰ። ከሩቅ መጥተው ድንኳኑ ውስጥ ያደሩት ጓደኞችዎ ደንግጠው በውስጥ ሱሪ ሲወጡ፣ ሐዘን ልብስ ያስጣላቸው ዘመዶች መስለውን ይበልጥ አለቀስን። ከእነሱ መካከል አንድ ሻምበል እግዜር ያጥናችሁ በተባለ ቁጥር ቀጥ ብሎ የወታደር ሰላምታ እየሰጠ ተቀበለን፤ እውነቱን ለመናገር ብዙ ሐዘንተኛ የሌለው ሥርዓት ነበረው።

ሟቹ ማነው ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ግቢው የእርስዎ ስለሆነ ሟቹ እርስዎ ነበሩ። እትዬ ሠርኬም፣ ሙሾ በማውጣት እስከ ጉለሌ የሚጠሩት፣ መሐል ገብተው እንዲህ አሉልዎ፦

ከለቅሶ የሚቀር ሥራ እየበዛበት፣
ዛሬ ግን አልቀረም የራሱ ሆነበት።

ይህች ስንኝ ለቅሶ በደረሰ ቁጥር እርስዎ እየቀሩ የቀሪ ቅጣትዎን በሾፌርዎ የሚልኩባትን ጨዋ ልማድ የምትመለከት ናት፤ ቅር እንዳይልዎ፣ እትዬ ሠርኬ ሟች አያፍሩም። ቀጥለው ስለ ቁመናዎና ስለ ግርማ ሞገስዎ ብዙ ብለዋል። ክቡርነትዎ በመስኮት ሆነው ሙሾውን እስከ መጨረሻ ማዳመጥዎ፣ የቁመናዋ ስንኝ እስክትደገም ድረስም በሕይወት መኖርዎን አለማስታወቅዎ፣ ለግጥም ያለዎትን ፍቅር ለሰፈሩ ሁሉ አስመስክሯል።

በርዎ ላይ የቆመውን ሣጥንም የሐዘንተኛ መርጃ መስሎን የየአቅማችንን ጥለንበት ወጣን። ሣጥኑ በአካዳሚው በር ላይ ለሚቆመው የነሐስ አንበሳ መዋጮ መሰብሰቢያ መሆኑን ያወቅነው፣ በማግስቱ ለአገር ወዳዱ የመርካቶ ነጋዴ የሚል ምስጋና ሲለጠፍ ነው። ለሞትዎ ያዋጣነውን በሕይወት እያሉ መልሱ ማለት ነውር ስለሆነ ዝም ብለናል።

ሦስተኛ፣ ስለ በርበሬው።

በሰኔ መግቢያ የወይዘሮ ሀጅራ ባለቤት ሐጂ ጠይብ፣ አላህ ይማራቸውና፣ ሲያርፉ ድንኳናችን እርስዎ ዘንድ ወንበር ይጠብቅ ስለነበር፣ ጋሼ ቡርሃን ከበረንዳው አንድ ትልቅ ሸራ አስመጥተው በሐዘንተኞቹ ግቢ ላይ አስወጠሩ። ሸራው ዓመቱን ሙሉ የበርበሬ ኬሻ ሲከድን የኖረ መሆኑ የታወቀው ዝናቡ ሲያርፍበት ነው። ሼሁ ለሞተ ሰው ድምፅ አውጥቶ ማልቀስ እንደማይገባ በእርጋታ እየመከሩ ሳለ፣ የገዛ እንባቸው በጺማቸው ላይ ይወርድ ነበር። ከሐጂ ጋር በድንበር ተጣልተው ለዓመታት ያልተነጋገሩት ጎረቤታቸው እንኳ ተንሰቅስቀው አልቅሰው፣ ደግፈን ነው ያወጣናቸው። ወይዘሮ ሀጅራ ባለቤቴ ይህን ያህል መወደዱን ሳላውቅ ኖርኩ ብለው ተጽናኑ፤ እኛም የሸራውን ነገር እስከ ዛሬ አልነገርናቸውም። ይህን ደብዳቤ የሚያነብላቸው ሰው ይህችን ክፍል እንዲዘላት አደራ እላለሁ።

አራተኛ፣ ስለ አንበሳው ራሱ።

ኮሚቴዎ በድንኳናችን ውስጥ በየቀኑ እየተሰበሰበ አንበሳው ይቁም ወይስ ይቀመጥ በሚለው ላይ ለሁለት መከፈሉን ሰምተናል። ማዕረጋቸው ያደገላቸው ይቀመጥ እንደሚሉ፣ ያላደገላቸው ደግሞ ገና ይቁም እንደሚሉም ሰምተናል። እኛ በዚህ ከባድ ጉዳይ ገብተን አስተያየት መስጠት አይገባንም፤ ነገር ግን ሁለት መኮንኖች ሱቅ ለሱቅ እየዞሩ፣ ላዋጣ ሰው ስሙ በአንበሳው የኋላ እግሮች መካከል፣ ከጅራቱ በታች እንደሚቀረጽለት ሲያስረዱ፣ ለእንዲህ ያለ ክብር ዝግጁ ሳንሆን ስለተገኘን ነው ያፈርነው። ጋቢ የምትሸጠው ጽጌሬዳ ግን አላፈረችም። ልጄ፣ አለችው አንዱን፣ የእኔ ልጅ አካዳሚያችሁ ልግባ ብሎ ቢመጣ ቁመት ያንስሃል ብላችሁ መልሳችሁብኛል፤ በሉ አንበሳውንም በሱ ልክ አሳጥሩትና ወጪው ይቅለላችሁ። መኮንኑ ይህን ለኮሚቴው አቀርባለሁ ብሎ ሄዷል፤ ውጤቱን በጉጉት እንጠባበቃለን።

አምስተኛው አቤቱታ አይደለም። ማስታወሻ ብቻ ነው።

እትዬ ፋናዬን ያውቋቸዋል። ሸማ ተራ ፈትል ሲሸጡ የኖሩት፣ ልጅ ሆነው በደጃቸው ሲያልፉ ወልዴ ብለው የሚጠሩዎ። ባለቤታቸው ያረፉት በእንዲህ ያለ ክረምት ነበር። ያን ጊዜ እድሩ ድንኳን አልነበረውም፤ ለቀስተኛው ከዝናቡ እየሸሸ በየሱቁ በረንዳ ተበታትኖ ስለተቀመጠ፣ እትዬ ፋናዬ ማን እንደመጣ ማን እንደቀረ ሳያዩ፣ ሰው ከጎናቸው ሳይቀመጥ ሐዘናቸው አለፈ። ባሌን ገበያ እንደተፈታበት ዕቃ በተናችሁብኝ አሉ። ከዚያ በኋላ ሱቅ ለሱቅ ዞረው፣ እስላሙን ከክርስቲያኑ አስተባብረው ድንኳኑን ያስገዙን እሳቸው ናቸው። ሲቀደድም በገዛ ፈትላቸው የሚጥፉት እሳቸው ነበሩ፤ አሁን ለጄኔራሉ ከተዘጋጀው ወንበር በላይ የምትታየው ነጭ እራፊ የእጃቸው ሥራ ናት፤ ቀና ብለው ይዩዋት።

እናትዎ ወይዘሮ አመተ ሥላሴ ያረፉ ጊዜ እርስዎ ኦጋዴን ነበሩ። እስኪደርሱ ድረስ በዚያች እራፊ ሥር ተቀምጠው፣ እንደ እህት ሆነው፣ የመጣውን ለቀስተኛ ሁሉ በእርስዎ ፋንታ የተቀበሉት እትዬ ፋናዬ ናቸው። ይህን የማነሳው ውለታ ለመቁጠር አይደለም፤ በበዓሉ ጥድፊያ ተዘንግቶ እንደሆነ ብዬ ነው።

ዛሬ አልጋ ላይ ናቸው፤ ልጃቸው ከአጠገባቸው አይለይም። ሐኪሙ እጁን አጥቧል፤ የንስሐ አባታቸውም ደጋግመው መምጣት ጀምረዋል። ልንጠይቃቸው ስንገባ ስለ መድኃኒት አያነሱም፤ ድንኳኑ መጣ ወይ ነው የሚሉት። መሞቱን አልፈራሁም፣ መበተኑን ነው እንጂ ይላሉ። ትናንት ደግሞ ትንሽ ቀለል ሲላቸው እንዲህ ብለው ላኩኝ፤ ወልዴን ድንኳኔን ካልመለስክ አልሞትም ብላለች በለው፤ አንበሳው እስኪቆም ጠብቂ ካለኝ ግን እኔ እንደሆንኩ ማቱሳላን አልፌ መሄዴ ነው፣ ያኔ ቀባሪ ከየት ላመጣ ነው። መልእክቱን እንደተቀበልኩት አድርሻለሁ።

ስለዚህ እድሩ ተሰብስቦ መክሯል። ድንኳኑን በጉልበት ነቅለን እናምጣ ያሉ ወጣቶች ነበሩ፤ ጋሼ ቡርሃን ግን የመኮንን ግቢ መድፈር አይገባም ብለው ከለከሏቸው። በምትኩ ደንባችንን አገላበጥን። ለቅሶ በሟች ቤት ይሁን የሚል ቃል ብንፈልግ አላገኘንም፤ አባላት ሐዘን የሚቀመጡት በእድሩ ድንኳን ነው ይላል እንጂ። ስለሆነም ድንኳኑ ወደ እትዬ ፋናዬ ካልመጣ፣ የእትዬ ፋናዬ ሐዘን ወደ ድንኳኑ ይመጣል ብለን በአንድ ድምፅ ወስነናል። ክቡርነትዎ አይጨነቁ። ንፍሯችንን ይዘን እንመጣለን፤ ለጄኔራሉ የተጣለውን ጠጅ አንነካም። የኮሚቴው ስብሰባም ሊቀጥል ይችላል፤ እኛ እያለቀስን እናንተ ስለ አንበሳው መቀመጥ መወያየት ትችላላችሁ። ወንበሮቹን ግን የማዕረግ ዕውቀት ስለሌለን እንደ አመጣጣችን እንቀመጥባቸዋለን። ይህ ለጀግኖች ኮርስ የማይመች ከሆነ፣ ድንኳኑን ለመንቀል ሁለት ሰውና አንድ በቅሎ ይበቃል። በቅሎዋን ጋሼ ቡርሃን በነጻ ይሰጣሉ።

ለአንበሳው መልካም አቋም ወይም መልካም አቀማመጥ፣ ለጄኔራሉ ጥርስ ጽኑ ጤና፣ ለኮርስ ጓደኞችዎም ሙሉ ሱሪ እየተመኘሁ፣ ከቆምኩበት ጭቃ ዝቅ ብዬ እጅ የምነሳ፣ በድንኳንዎ ጉዳይ እንቅልፍ ያጣሁ፣ ይቅርታ፣ በድንኳናችን ጉዳይ ለማለት ነው፣ ታዛዥዎ

ወርቁ ገብረየስ
የእድሩ ጸሐፊ

ግልባጭ፦
ለእድሩ ዳኛ ለጋሼ ቡርሃን
ለሸማ ተራና ለእህል በረንዳ ነጋዴዎች
በተክለ ሃይማኖት አካባቢ ላሉ ሻይ ቤቶች ሁሉ፣ ጮክ ተብሎ እንዲነበብ
ለዘበኛው ውሻ፣ እንዲያውቀው ያህል

ድኅረ ጽሑፍ፦ ደብዳቤውን አጥፌ ሳልጨርስ ጥሩምባ ተነፋ። የእርስዎ ወታደር ልምምድ ጀመረ ብዬ ሳቅሁ፤ ወጥቼ ባይ የእኛው ጥሩምባ ነፊ ነው። እትዬ ፋናዬ አርፈዋል። በመጨረሻ የዛቱትን አልፈጸሙም፤ ድንኳኑን ሳይጠብቁ ሄዱ። ስለዚህ ይህን ደብዳቤ በሰው እጅ አልልክም፤ እኔው ይዤው እየመጣሁ ነው፣ ሰፈሩም ከኋላዬ ነው። ነጯ እራፊ ሥር ያለውን የጄኔራሉን ወንበር ለእትዬ ፋናዬ ልጅ ይልቀቁልን። የቀሪ ቅጣትዎን ግን ዛሬ በሾፌርዎ አይላኩ፤ መቼም ከገዛ ግቢዎ ስለማይቀሩ፣ ተገኝተዋል ብዬ አስቀድሜ ጽፌልዎታለሁ።