ከላይ ስለተጻፈች የአራት መስመር መልስ

ለተከበሩ የሕክምና መሣሪያ ቴክኒሽያኖች የጋራ ኢሜይል መድረክ አስተዳዳሪ፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰነበቱ እያልኩ፣ ጤናዎ የተሟላ፣ ወንበርዎ የተመቸ፣ የኮምፒውተርዎም መስመር ሳይቆራረጥ የሚውል እንዲሆን ያለኝን ልባዊ ምኞት በታላቅ አክብሮት አቀርባለሁ። ይህን የምጽፍልዎ በአንድ ሆስፒታል ምድር ቤት ካለች የጥገና ክፍል ሲሆን፣ ቁጭ ብዬ ለመጻፍ ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስቱንም ጊዜ ስለተነሣሁ፣ አሁን ቆሜ፣ ወረቀቱን በመፍቻ ሣጥን ላይ አንጥፌ ነው የምጽፈው፤ ፊደሌ ቢንጋደድ ከንቀት ሳይሆን ከእግሬ አለመረጋጋት መሆኑን ይረዱልኛል።

ይህ ለሁሉ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ ስለሆነ ጉዳዩን ለማያውቁ አንባቢዎች ባጭሩ ላስረዳ። በየሆስፒታሉ ተበትነን የምንሠራ ሦስት መቶ አርባ ቴክኒሽያኖች አንድ የጋራ የኢሜይል አድራሻ አለን። ወደዚያ የተጻፈ ለሁላችንም ይደርሳል፤ መልሱም በዚያው በኩል ይመጣል፤ የማንም የግል አድራሻ አይታይም። በመካከሉ እርስዎ አሉ።

ከአምስት ወር በፊት አሥራ አንድ አንቀጽ ያለውን “የትክክለኛ አመላለስ መመሪያ” ሲያወጡልን፣ እውነቱን ለመናገር ደስ ካላቸው ሰዎች አንዱ ነበርኩ። መልስ ከጥያቄው በታች ይጻፍ፣ የማያስፈልግ የቆየ መልእክት ተቆርጦ ይጣል፣ አዲስ ጉዳይ በአዲስ መልእክት ይጀመር ማለት ምን ክፋት አለው? ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ነው። እኔ ራሴም ቀደም ሲል ለአንድ ባልንጀራዬ ብቻ የመለስኩ መስሎኝ ስለ አለቃዬ “ድስት የሌለው ክዳን” ብዬ የጻፍኩትን ሦስት መቶ አርባ ሰው አንብቦታል፤ አለቃዬም ከሦስት መቶ አርባዎቹ አንዱ ነው። የምላስ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ የጣት ወለምታማ ጭራሽ መታሻም የለው። ስለዚህ በሥርዓት ላይ ቂም የለኝም። ቅሬታዬ ሌላ ነው።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ፣ በጨቅላ ሕፃናት ክፍላችን ካሉት ሁለት ኢንኩቤተሮች፣ ማለትም ያለ ጊዜያቸው የተወለዱ ሕፃናት ከሚሞቁባቸው ሣጥኖች፣ አንዱ “ስህተት ሰባት” የሚል ጽሑፍ አውጥቶ ማሞቁን አቆመ። ውስጡ የሰባት ቀን ዕድሜ ያለው፣ አንድ ኪሎ ከሦስት መቶ ግራም የሚመዝን ወንድ ልጅ ነበር። ሁለተኛው ሣጥን መንትዮች ይዟል። ሁላችንም ሲስተር ብቻ የምንላት የክፍሉ ኃላፊ ነርስ ሕፃኑን አንሥታ ልብስ ሰፊ በሆነችው እናቱ ደረት ላይ ቆዳ ለቆዳ አስተኛችውና፣ በብርድ ልብስ ሸፍና “አንተ ማሽኑን፣ እኔ ልጁን” አለችኝ። ገመዱንም ማራገቢያውንም አየሁ፤ ደህና ናቸው። የማሽኑ መጽሐፍ “ስህተት ሰባት ሲታይ አምራቹን ያማክሩ” ይላል። አምራቹ ከተዘጋ ዘጠኝ ዓመቱ ነው።

ወደ መድረኩ ጻፍኩ። እዚህ ላይ የራሴን ጥፋት ልናዘዝ። ከመቸኮሌ የተነሣ አዲስ መልእክት በመክፈት ፈንታ፣ በጊዜው ይመላለስ የነበረውን የዓመት ዕረፍት ጉዳይ ከፍቼ “መልስ” የሚለውን ተጫንኩና ርዕሱን ብቻ ቀየርኩ። ርዕስ መቀየር ጉዳይ መቀየር መስሎኝ ነበር። የኢሜይል ፕሮግራሞቹ ግን ጥያቄዬን ከዕረፍቱ ወሬ ሥር አስገብተው ደበቁት፤ ያ ወሬ የሰለቻቸው ብዙዎች ድምፁን ዘግተውት ስለነበር ጨርሶ አላዩትም። ይህ የመመሪያዎ አንቀጽ ሦስት ነው፤ ጥፋቱም የእኔ ነው። ስልክ ቁጥሬን ከግርጌ አለመጻፌ ግን “ከስም በታች ስልክ፣ ማዕረግና ጥቅስ አይደርደር” የሚለውን አንቀጽ ዘጠኝን በማክበሬ ስለሆነ፣ በዚህ ያመሰግኑኛል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ከዚህ በኋላ ያለውን በቁጥር ላቅርብ፤ ቁጥር እንደሚወዱ አውቃለሁና።

፩ኛ. ከማየት ከማይሰለቹት ጥቂቶች አንዱ፣ በጡረታ ላይ ያሉትና ሁላችንም ጋሼ ፊውዝ የምንላቸው አንጋፋ ጠጋኝ፣ ጥያቄዬ በደረሰ በሃያ ደቂቃ ውስጥ በስልካቸው መለሱልኝ። የስልካቸው ፕሮግራም የመጻፊያ ጠቋሚውን ከላይ ስለሚያስቀምጥ መልሱ ከላይ ሆነ። መመሪያውን ያላከበረ መልእክት የሚያግደው ጥንቁቁ ማጣሪያዎ ያዘው፤ ለእርሳቸውም “መልእክትዎ አንቀጽ አንድን አላከበረም” የሚል ማስታወቂያ ላከ። ለጥንቃቄው ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

፪ኛ. ጋሼ ፊውዝ ተስፋ አልቆረጡም። መምህርት በሆነችው ልጃቸው ኮምፒውተር ተቀምጠው በሌላ ፕሮግራም ሞከሩ፤ አሁን መልሱ ከታች ነው። ይህ ፕሮግራም ግን የእኔን ጥያቄ ብቻ ሳይሆን፣ በእኔ ጥፋት የተንጠለጠለውን የዓመት ዕረፍት ወሬ በሙሉ፣ መቶ ሰማንያ መስመር፣ ተሸክሞ መጣ። “አልተቆረጠም” ተብሎ ታገደ።

፫ኛ. ሦስተኛውን በድረ ገጽ ላይ ባለው ፕሮግራም፣ ከሦስት ነጥቦች ሥር የተደበቀውን “ለመድረኩ መልስ” የሚለውን ቁልፍ ልጃቸው ፈልጋላቸው፣ ከታች ጽፈው፣ ቆርጠው፣ አስተካክለው ላኩት። እንከን አልነበረበትም፤ የተላከው ከልጃቸው አድራሻ መሆኑ ብቻ ሲቀር። ያልተመዘገበ አድራሻ ተብሎ ታገደ። ይህን ሁሉ ያወቅሁት በኋላ ነው። በዚያን ጊዜ ግን ጋሼ ፊውዝ እንኳ ዝም ካሉ የሚያውቅ ሰው የለም ብዬ ደምድሜ ነበር።

፬ኛ. ረቡዕ ዕለት ስልኬ አርባ አንድ ጊዜ ጮኸ። አርባ አንድ ጊዜ ከምድር ቤት የጨቅላዎቹ ክፍል ወዳለበት ሦስተኛ ፎቅ ልሮጥ ተነሥቼ አርባ አንድ ጊዜ ተመለስኩ። ሁሉም ስለ ዓመት ዕረፍቱ “እናመሰግናለን” የሚሉ ነበሩ፤ ከታች የተጻፉ፣ በሚገባ የተቆረጡ፣ ከተመዘገበ አድራሻ የተላኩ። ሁሉም አልፈዋል። ስለ ንጽሕናቸው እመሰክራለሁ።

፭ኛውን ከመጻፌ በፊት በላይኛው ፎቅ የሆነውን ይስሙልኝ። እናቲቱ ቀን ቀን ከወንበር ላይ ሳትነሣ፣ ወገቧን በትራስ ደግፋ ልጇን በደረቷ ይዛ ቆየች። ሹፌር የሆነው ባሏ ከሥራ ሲመጣ ሸሚዙን ፈትቶ ይቀበላትና እርሷ ትተኛለች። በበሩ ባለፍኩ ቁጥር ቀና ብላ “መልስ መጣ?” ትለኛለች፤ እኔም “ይመጣል” እላታለሁ፤ ከሐሙስ ጀምሮ በዚያ በር ማለፍ ትቼ በኋላው ደረጃ መውጣት ጀመርኩ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የልጁ ሙቀት ወደ ሠላሳ አምስት ነጥብ ሦስት ወረደ። ሲስተር መተላለፊያው ላይ አግኝታኝ “ዛሬስ ፈራሁ” አለችኝ፤ ሃያ ዓመት በዚያ ክፍል የሠራች ሴት ይህን ቃል ስትናገር ሰምቼ አላውቅም። ወርጄ የማሽኑን ዋና የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳ ልፈታ መፍቻ አነሣሁ፣ አስቀመጥኩ፣ እንደገና አነሣሁ። ባበላሸውስ? እንደዚያው ስንቆራጠጥ መሸ።

፭ኛ. ዓርብ ረፋድ ላይ ከእርስዎ ዘንድ “የተሳሳተ አመላለስ ምሳሌዎች፣ ለትምህርት እንዲሆኑ” የሚል መልእክት ለሦስት መቶ አርባችንም ደረሰ። ምሳሌዎቹ ሦስቱ የጋሼ ፊውዝ መልእክቶች ነበሩ፤ በቀይ ተሰምሮባቸው፣ የጥፋታቸው ቁጥር ተጽፎባቸው። ከመጀመሪያው ላይ እንዲህ የሚል አነበብኩ፦ “ልጄ፣ ሰሌዳውን እንዳትነካ፤ ስህተት ሰባት ብዙ ጊዜ ውሸቱን ነው። ከክዳኑ ኋላ የሙቀት መለኪያው ሽቦ የሚሰካበት አለ፤ ሲያጸዱት ፈሳሽ ገብቶበታል። ንቀለው፣ በደረቅ ጥጥ ጥረገው፣ በሞቀ አየር አድርቀህ መልሰህ ስካው። ሕፃኑን ከማስገባትህ በፊት ሁለት ሰዓት ባዶውን አሙቀው።” አራት መስመር። “ልጄ” በሚለው ላይም በቀይ “መደበኛ ያልሆነ አጠራር” የሚል ማስታወሻ አኑረዋል። ክቡር ሆይ፣ ሦስት ቀን ስጠብቀው የነበረውን መልስ እንደ ነውር ማሳያ አድርገው ስላደረሱኝ አመሰግናለሁ፤ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳልል ጅቡ ገና ደጃፋችን ነበር።

ክዳኑን ፈታሁ። መሰኪያው በእርጥበት አረንጓዴ ዝገት አውጥቶ ነበር። ጠረግኩ፣ አደረቅኩ፣ ሰካሁ፤ “ስህተት ሰባት” ጠፋ። ሁለት ሰዓት ባዶውን ሲሞቅ ሲስተርና እኔ ከጎኑ ቆመን ቁጥሩን ስናይ ቆየን። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ልጁ ገባ። ከዐሥር ደቂቃ በኋላ እናቱ ወንበሯ ላይ እንደተቀመጠች አንገቷን ጥላ ተኛች። ከሦስት ሳምንት በኋላ ልጁ ሁለት ኪሎ ሞልቶ ወደ ቤቱ ሄዷል፤ እርሱንም በሕይወት ያቆየው የእናቱ ደረትና የሲስተር እጅ እንጂ የእኔም የእርስዎም ሥራ አይደለም።

በዚያ ዓርብ ማግስት፣ ቅዳሜ ዕለት፣ ጋሼ ፊውዝን ላመሰግን፣ ከቀድሞ ተማሪዎቻቸው አንዱን ጠይቄ ቤታቸው ሄድኩ። ፊት ለፊት ስንተያይ የመጀመሪያችን ነው። ደስ ብሏቸው ተቀበሉኝ፤ ስለ ልጁ ጠየቁኝ፤ ከዚያ ስለ መድረኩ ሳነሣ ፊታቸው ተለወጠ። “ጠቋሚው ራሱ ነው ከላይ ቁጭ የሚለው፤ እኔ አላስቀመጥኩትም” አሉኝ፣ ችሎት ፊት እንደቆመ ሰው። ቀጥለውም “እነዚያ ያስተማርኳቸው ሁሉ አይተውታል” አሉ። ከመድረኩ ስማቸውን በዚያው ዓርብ አሰርዘዋል። ይመለሱ ብዬ ብለምናቸው “አንተ ከቸገረህ ደውል” አሉኝ። “ሌሎቹስ?” ብላቸው መነጽራቸውን አውልቀው መጥረግ ያዙ። ልጃቸው እስከ በር ሸኝታኝ፣ ስልካቸው የኢሜይል ድምፅ ባሰማ ቁጥር ገልብጠው እንደሚያስቀምጡት ነገረችኝ።

ከዚያ ወዲህ በመድረኩ ላይ የሚጠየቀውን እኔ በስልክ እነግራቸዋለሁ፤ የሚሉኝን ከታች ጽፌ፣ ቆርጬ እልካለሁ። ባጭሩ የጋሼ ፊውዝ “ለመድረኩ መልስ” ቁልፍ ሆኛለሁ። ግን እኔም ዕረፍት እወጣለሁ፤ እታመማለሁ፤ ስልኬም ይዘጋል። ባለፈው ሳምንት የአንድ ኦክስጅን መሣሪያ ጥያቄ እኔ በሌለሁበት ሁለት ቀን ተንጠልጥሎ ሰንብቷል። ቁጭ ማለት ያቃተኝ ለዚህ ነው።

ስለዚህ በትሕትና የምለምነው ሁለት ነገር ነው። አንደኛው፣ ማጣሪያው ከመያዙ በፊት የሰው ዓይን ይየው፤ ስህተቱን ለጸሐፊው ለብቻው ይንገሩት፤ መልእክቱ ግን ይለፍ። በስልክ፣ በቢሮ ኮምፒውተርና በድረ ገጽ ጠቋሚውን እንዴት ወደ ታች እንደሚያወርዱ፣ የቆየውን እንዴት ይዘው እንደሚሰርዙ፣ ያ ቁልፍ የት እንደተደበቀ የሚያሳይ አንድ ገጽ ከጋሼ ፊውዝ ልጅ ጋር አዘጋጅተናል፤ ከዚህ ጋር አያይዣለሁ። አሥራ አንዱ አንቀጽ “አታድርጉ” ይላል እንጂ እንዴት እንደሚደረግ የትም አልነገረንም። ሁለተኛው፣ ጋሼ ፊውዝን ሦስት መቶ አርባው ሰው በሚያይበት ይቅርታ ይጠይቁልን፤ በቀይ አይጻፉት እንጂ በፈለጉት ቀለም።

ትዕግሥትዎ እንደ ማጣሪያዎ የጠበቀ፣ ልብዎም ከእርሱ ይልቅ የሰፋ እንዲሆን እየተመኘሁ፣ ለመድረኩ ሥርዓት ያለኝን ጽኑ አክብሮት፣ ለሹመትዎ ያለኝን ከፍ ያለ ግምት፣ ለዓርቡ ትምህርትም ያለብኝን የማልረሳውን ውለታ በአንድነት አስሬ በእግርዎ ሥር አኖራለሁ።

ትሑት አገልጋይዎ፣
የምድር ቤቱ ጠጋኝ

ማሳሰቢያ፦ የሕፃኑ እናት “ያ መልስ ሦስት ቀን የት ነበር?” ብላ ጠይቃኝ የቢሮዎን አድራሻ ሰጥቻታለሁ። ኢሜይል ስለሌላት ልጇን ታቅፋ በአካል ትመጣለች። የሆዷን ስትነግርዎት ከላይ ትጀምር ወይም ከታች፣ ያልተፈለገውን ትቁረጥ ወይም ሁሉንም ትበል፣ መመሪያውን አላነበብኩላትም።