የካቻቢቴው እጀታ

ይድረስ ለልጄ፤ እንደምን ከርመሻል? እኔ እንዳለሁ አለሁ፤ እናትሽም ደህና ነች።

የአሮጌ መኪና ወዳጆቹ አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ ጋራዤ ይሰበሰባሉ። ደንባችን ያው ነው፤ ሁሉም ተረባርቦ ይጠግናል፤ በመጨረሻ እኔ የካቻቢቴውን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ እጀታውን ጆሮዬ ላይ አድርጌ ሳላዳምጥ ኮፈን አይዘጋም። ባለፈው የጡረተኛው መምህር መኪና ተራ ነበር። አዳመጥኩና «እንደ ሰዓት ትሄዳለች፤ ዝጉ!» አልኩ። እርስ በርስ ተያዩ። ልብስ ሰፊው ጠጋ ብሎ «ጋሼ፣ ቫልቩ ያንኳኳል፤ እስቲ ደግመው ይስሙት» ቢለኝ፣ «አንተ ጨርቅህን ስፋ!» ብዬ በሰው ፊት አዋረድኩት።

እሁድ ጠዋት ጋራዡ የረሳሁትን መነጽሬን ላመጣ ብመለስ፣ ሁሉም ተሰብስበው ያንኑ ቫልቭ ሲያስተካክሉ አገኘኋቸው። እኔ እንዳላፍር ተደብቀው ነው። ልብስ ሰፊው ደንግጦ «አቧራ እየጠረግን ነው፣ ጋሼ!» ብሎ ጮኸ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

ማታ ስልኬን ሳየው ሦስት ጊዜ ደውለሽ ኖሯል። ቀኑን ሙሉ ከኪሴ አልወጣም፤ ሲጠራ ግን አልሰማሁትም፤ ሳይበላሽ አይቀርም። ይህን ሁሉ ለእናትሽ እንዳትነግሪያት። ከእንግዲህ በመደወል አትድከሚ፤ ጻፊልኝ። የእጅ ጽሑፍሽን ሳነበው ድምፅሽ ይመጣልኛል።

ዓይንሽን ለማየት ያብቃኝ።

አባትሽ