የልጆቻቸውን ጣት ለማላቀቅ የደከሙት የጋሽ አራቴ የሕይወት ታሪክ

ጋሽ አራቴ ከአናጢ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው የዛሬ ሰባ አንድ ዓመት በክረምት ተወለዱ። ለቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ነበሩ። የቀኝ እጃቸው የመሀልና የቀለበት ጣት ከሥሩ እስከ ጥፍሩ አንድ ላይ ተጣብቆ ስለነበር፣ አብረዋቸው የሚማሩ ልጆች ጣታቸውን ቆጥረው «አራቴ» አሏቸው። እሳቸውም ቅር ያላቸው ሳይመስሉ ስሙን ተቀበሉት። ኋላ የራሳቸውን ፀጉር ቤት ሲከፍቱም ሰሌዳው ላይ ያስጻፉት ይህንኑ ነው።

ስምንተኛ ክፍል ሲደርሱ አባታቸው ስለታመሙ ትምህርታቸውን አቋርጠው አጎታቸው ፀጉር ቤት ገቡ። አጎታቸው «በዚህ እጅ መቀስ አይያዝም» ብለው መጥረጊያ ሰጧቸው። እሳቸው ግን ሁለቱ ጣቶች አብረው የሚገቡበት ሰፊ ቀለበት ያለው መቀስ ከእናታቸው ተውሰው በአጎታቸው ልጆች ጭንቅላት ላይ ተለማመዱ። ልጆቹ ለጥቂት ሳምንታት ያለ ኮፍያ ከቤት አልወጡም። ዓመት ሳይሞላ ግን ደንበኛው «አራቴ ካልሆነ እመለሳለሁ» ማለት ጀመረ። እጃቸው ፈጣን፣ ጨዋታቸውም ለዛ ያለው ነበር።

በሃያ ሰባት ዓመታቸው ከፀጉር ቤቱ አጠገብ ባለው የልብስ ንጽሕና ቤት ይሠሩ ከነበሩት ባለቤታቸው ጋር ተጋቡ። በዓመቱ ወንድ ልጅ ወለዱ። የሕፃኑ የቀኝ እጅ ሦስት ጣቶች፣ ከአመልካቹ እስከ ቀለበቱ፣ ተጣብቀው ነበር። ሐኪሙ እንዳስረዷቸው፣ ጣቶቹ እኩል ርዝመት ስለሌላቸው ልጁ ባደገ ቁጥር አጭሩ ረጅሙን እየጎተተ ያጣምመዋል። አንድን ጣት ከግራና ከቀኝ ባንድ ጊዜ ማላቀቅ ደግሞ ደም ሊያሳጣው ስለሚችል ቀዶ ጥገናው በሁለት ዙር እንዲሆን ተወሰነ።

ልጁ ሁለት ዓመት ሲሞላው የመጀመሪያው ዙር ተሠራ፣ አመልካች ጣቱም ነፃ ወጣች። ፋሻው ከተፈታ ወዲህ በእሷ የማይጠቁመው ነገር አልነበረም። አምፖሉን፣ ድመቷን፣ ፀጉር ቤት ሲመጣ ደግሞ ራሰ በራ ደንበኞችን እየጠቆመ አባቱን ያስቅ ነበር።

ሁለተኛው ዙር ሲቃረብ ባለቤታቸው ፈሩ። «አንዷ ትበቃዋለች። አንተስ በዚያው እጅህ ሠርተህ እየኖርክ አይደል?» አሏቸው።

ጋሽ አራቴም «ጀምረን መሀል ላይ እንዴት እንተወዋለን? እኔ የተባልኩትን እሱ እንዲባል አልፈልግም» ሲሉ መለሱ። ስሙ ያን ያህል ይከብዳቸው እንደነበር ባለቤታቸው ያወቁት ያን ቀን ነው።

ልጃቸውን ራሳቸው ታቅፈው እስከ ቀዶ ጥገናው ክፍል በር አደረሱት። ሲስተሯ ስትቀበላቸው ልጁ አላለቀሰም። ከቀትር በኋላ ሐኪሙ ወጥተው ሥራው ማለቁን፣ ነገር ግን ልጁ ከማደንዘዣው ሳይነቃ ልቡ መቆሙን፣ ብዙ ታግለውም እንዳልተሳካላቸው ነገሯቸው። ለምን እንደሆነ ለይቶ የነገራቸው ሰው አልነበረም። ከመቀበሩ በፊት እናቱ ፋሻውን ፈቱት። አምስቱም ጣቶች ተለያይተዋል፣ ስፌቱም የተስተካከለ ነበር። ጋሽ አራቴ አንድ ጊዜ አይተው ወደ ውጭ ወጡ።

ከዚያ በኋላ ፀጉር ቤቱ ሌላ ቤት ሆነ። ወንበሩ ላይ የተቀመጠ ሰው ከመቀሱ ድምፅ በቀር የሚሰማው ነገር አልነበረም። ለጨዋታ ይመጡ የነበሩ ደንበኞች እየተቀነሱ ሄዱ። ባልና ሚስቱም በአንድ ጣራ ሥር እየኖሩ፣ አንድ ማዕድ እየቀረቡ፣ የልጁን ነገር ሳያነሱ ዓመታት አለፉ።

ልጁ በሞተ በአራተኛው ዓመት ሴት ልጅ ተወለደች። አዋላጇ ጨርቁን ገልጣ ስታሳያቸው የሕፃኗም ቀኝ እጅ እንደ ወንድሟ ነበር። ጋሽ አራቴ ፊታቸውን አዞሩ፤ ሕክምና የሚል ቃል ቤታቸው እንዳይነሳም ከለከሉ። ልጅቷ ሰባት ዓመት እስኪሞላት ድረስ በዚሁ ጸኑ። በዚያ ጊዜ ውስጥ የመሀል ጣቷ እንደ ማጭድ ጎብጦ ነበር።

አንድ ማታ ባለቤታቸው ራት አቅርበው ከፊታቸው ተቀመጡ። «ያኔ አልሰማኸኝም። አሁን ስማኝ። ልጅቷ እጇን ኪሷ ውስጥ ከትታ ነው የምትውለው» አሏቸው።

«ብትሞትስ?»

«እሱንም አስቤዋለሁ።»

«እኔ አልፈርምም።»

«እኔ እፈርማለሁ።»

ፈረሙም። በሁለቱም ዙር ቀዶ ጥገናው እስኪያልቅ ጋሽ አራቴ የሆስፒታሉን አጥር አላለፉም። ጥበቃው ወንበር ቢያቀርብላቸውም ሳይቀመጡ ቆመው ዋሉ። የመጀመሪያው ዙር ሲያልቅ ባለቤታቸው ወጥተው «ነቅታለች» ቢሏቸው አላመኑም። ተጎትተው ገብተው ልጅቷ «አባዬ፣ ውሃ ከለከሉኝ» ብላ ስትከሳቸው ነው ግድግዳውን ተደግፈው ያለቀሱት።

ውጤቱ ፍጹም አልነበረም፤ ዘግይተው ስለደረሱ የመሀል ጣቷ እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አይዘረጋም። ጋሽ አራቴ ለሁለት ዓመት ያህል በየማታው ጠባሳውን በቅባት እያሹ ጣቶቿን አፍታተዋል። ከብሽሽቷ ተወስዶ በጣቶቿ መሀል የተሰፋው ቆዳ፣ ልጅቷ ስታድግ ፀጉር ማብቀል ጀመረ። በዚህ ብታፍርም፣ አባቷ ፀጉር ቤቱን ከዘጉ በኋላ በወንበሩ ላይ አስቀምጠው በምላጭ ያነሱላት ነበር። የጠፋ ጨዋታቸው ቀስ በቀስ የተመለሰው በነዚያ ምሽቶች ነው። «ከአንቺ የቀለለ ደንበኛ የለኝም፤ ቅርጽ አትመርጪም» ይሏት ነበር።

ወሬው ተሰምቶ ጣታቸው የተጣበቀ ልጆች ያሏቸው ወላጆች ይመጡ ጀመር። ጋሽ አራቴ አድርጉም፣ አታድርጉም አላሉም። የልጃቸውን እጅ ያሳዩአቸዋል፤ ቀጥሎም ስለ ወንድሟ፣ ምንም ሳይደብቁ፣ ይነግሯቸዋል። ልጁን ይዞ ወደ ሐኪም የሄደ አለ፤ ይዞ ወደ ቤቱ የተመለሰም አለ።

ባለፈው ዓመት ሳምባቸው ታሞ መተንፈስ ስላቃታቸው መቀሳቸውን አስቀመጡ። ሕመሙ ረጅምና ከባድ ነበር፤ በመጨረሻዎቹ ወራት ተኝተው ማደር ስላልቻሉ ትራስ ተደግፈው ያነጉ ነበር። ከማረፋቸው አንድ ቀን በፊት ባለቤታቸውን ጠርተው «ልጁን እኔ ነኝ የወሰድኩት» አሏቸው። ከአርባ ዓመት በላይ በሁለቱ መካከል በግልጽ ያልተነሳ ነገር ነበር።

ባለቤታቸውም «እሷን ደግሞ እኔ ነኝ የወሰድኳት። ባትነቃ ኖሮ ምን ትለኝ ነበር?» ብለው ጠየቋቸው።

«ምንም» አሉ ጋሽ አራቴ።

«እኔም ምንም» አሏቸው።

ጋሽ አራቴ ትናንት ማለዳ፣ ባለቤታቸውና ልጃቸው አጠገባቸው እያሉ በተወለዱ በሰባ አንድ ዓመታቸው አረፉ። ባለቤታቸውን፣ ሴት ልጃቸውን፣ አንድ የልጅ ልጃቸውንና ታናሽ እህታቸውን ትተው አልፈዋል። ዛሬ የሚያርፉት በወንድ ልጃቸው አጠገብ ነው።

ፈጣሪ የደከመች ነፍሳቸውን ያሳርፍልን፤ ለቀሩትም ልብ የሚጠግን መጽናናት ይስጥልን።